600 ዶላር፣ 8 ፈረስ፣ 1 ብርድ ልብስ

ትምህርቱን የመረጥኩት በሰዓቱ ነው። ሌላ ምክንያት ነበረኝ ብል ውሸት ይሆናል። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ወጥቼ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ የምደርስበት ክፍል እሱ ብቻ ነበር።

አገር ቤት አምስት ዓመት ሕግ ተምሬያለሁ። ጥቂት ዓመታትም ወሎ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሜሪካ ስመጣ ግን ያ ሁሉ ወረቀት ሻንጣ ውስጥ ቀረ፤ ለጥብቅና ፈተና ለመቀመጥ እንደገና ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ተማሪ መሆን ነበረብኝ። የምርጫ ኮርሶቹን ዝርዝር ሳይ አንዱ ቃል በቃል «የፌዴራል የሕንድ ሕግ» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሙምባይ ነው። «አሜሪካኖች ደግሞ የሕንድን ሕግ ምን ሊያደርግላቸው ያስተምራሉ?» ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። እስካሁን ትስቅብኛለች።

ለካ በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ተጋፍተን «ቀይ ሕንዶች» እያልን የምናያቸው ሰዎች ናቸው። ላባ የሰኩ፣ ፈረስ ላይ ሆነው እየጮኹ የሚመጡ፣ ፊልሙ ሳያልቅ የሚያልቁት። እንዳላለቁ፣ ይልቁንም በፌዴራል መንግሥቱ ዕውቅና ያላቸው ጎሳዎች ዛሬ ከ570 በላይ እንደሆኑ፣ ብዙዎቹም የራሳቸው ምክር ቤት፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት እንዳላቸው ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ፣ በማክሰኞ ማታ ነው።

ከሁሉ በፊት ያስቸገረኝ በአማርኛ ምን ብዬ እንደምጠራቸው ነበር። እነሱ «ትራይብ» ይላሉ። በሕግ ቋንቋቸው ክብር ያለው ቃል ነው፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ሳይቀር አለ፣ ፍርድ ቤታቸው በር ላይም ይጽፉታል። እኛ «ጎሳ» ስንል ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ቃሉ ቆስሏል። አንድን ሰው «ጎሰኛ» ካልከው ሰድበኸዋል። «ነባር ሕዝቦች» የሚለውም አያድንም። አንድ እሁድ ቡና ላይ ስለ ትምህርቱ ሳወራ ከጓደኞቼ አንዱ «እሺ፣ እኛ አገርስ ነባሩ ማን ነው?» አለ። ሲኒው ሁሉ በየእጁ ቀረ። ነባር ከተባለ መጤ ይመጣል፤ «መጤ» እየተባለ ሰው ከቀዬው ሲነቀል ያየን ሰዎች ነን። እዚህ አገር ቃሉ የተገፋው ሰው ጋሻ ነው። እኛ ጋ ገፊውም ያነሳዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያጸድቅ 144 አገሮች ደገፉ፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተቃወሙ፣ ኋላ ግን አራቱም ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ኢትዮጵያ ድምፅ ሲሰጥ አልተገኘችም። ያንን የእሁድ ቡና ያየ ሰው አይፈርድባትም።

እና «ጎሳ» ስል በእነሱ አገር ክብሩ ተረዱልኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የክሮው ዶግ ጉዳይ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881፣ ዛሬ ሳውዝ ዳኮታ በሚባለው ምድር፣ ሮዝበድ በተባለው፣ ላኮታ ለሚባሉት ሕንዶች በተከለለው ክልል ውስጥ ክሮው ዶግ የሚባል ሰው ስፖትድ ቴይል የሚባለውን ስመ ጥር አለቃ ተኩሶ ገደለው። የሟች ስም ወደ እኛ ሲመለስ «ዝንጉርጉር ጭራ» እንደማለት ነው። የጎሳው ምክር ቤት ወዲያው ተሰበሰበ። አስታራቂ ተላከ። ሁለቱ ወገኖች ተነጋገሩና የገዳይ ቤተሰብ ለሟች ቤተሰብ 600 ዶላር፣ 8 ፈረስና 1 ብርድ ልብስ እንዲሰጥ ተስማሙ። ተሰጠ። ነገሩ አለቀ።

በእነሱ ቤት አለቀ። መንግሥት ግን ክሮው ዶግን አስይዞ ዴድዉድ በምትባል የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ ፍርድ ቤት አቀረበው፤ ስቅላት ተፈረደበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1883 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻሩት። አንድ ሕንድ ሌላውን ሕንድ በገዛ ምድራቸው ቢገድል የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም አሉ። ሰውየው ወደ ቤቱ ሄደ።

መምህራችን ይኼን ስትናገር ክፍሉ ሁሉ ይጽፋል። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የያዘችኝ ብርድ ልብሷ ናት። ገንዘቡን ማንም ይገምታል፣ ፈረሱም ይገባኛል። ያቺን አንዲት ብርድ ልብስ ግን ዝም ብሎ የሚጨምራት ሰው የለም። ሌላው ሁሉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎሮሮውን ጠራርጎ «በሉ፣ አንድ ብርድ ልብስ ደግሞ ጣሉበት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። በአማርኛ ነው የሰማሁት።

ያንን ሽማግሌ አውቀዋለሁ።

ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ አንድ የግድያ መዝገብ ነበረኝ። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣልተው አንደኛው በዱላ ተመትቶ ሞተ። ማስረጃው ሙሉ ነው፤ ሦስት ሰው በዓይኑ አይቷል፣ ሦስቱም ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ወጣት ነኝ፣ ቀጠሮውን እንደ ሠርግ ነው የጠበቅኩት። ሳምንት ሲቀረው አንድ አዛውንት ቢሮዬ መጡ። አበጋር ነበሩ። ወሎን ለማያውቅ አንባቢ፣ አበጋር ማለት ደም ሲፈስ መሐል ገብቶ የሚያስታርቅ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማው ሰው ነው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኛ ጨርሰናል እኮ» አሉኝ።

«ምኑን አባባ?»

«ደሙን ነዋ። አድርቀነዋል።»

ሁሉንም ነገሩኝ። ልጁ እስር ቤት ስለሆነ አባትየው በእሱ ፈንታ ድንጋይ ተሸክመው፣ በባዶ እግራቸው ሟች ደጅ ላይ ወድቀዋል። ከብዙ ልመና በኋላ «ተነሱ» ተብለዋል። በግ ታርዷል፣ ካሳው ተቆጥሯል፣ ሁለቱም ወገን ቂም ላይዝ ምሏል። እኔ ጠረጴዛዬ ኋላ ሆኜ «አባባ፣ የነፍስ ግድያ ክስ በዕርቅ አይቋረጥም። ሕግ ነው» አልኳቸው። «ሕግ» የሚለውን ቃል ስጠራ ትክ ብለው አዩኝ። የተቆጡ አልመሰለኝም፤ ያዘኑልኝ ነው የመሰለኝ። «እንግዲህ የአንተን ሕግ አንተ ታውቃለህ» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ቀጠሮው ደረሰ። የመጀመሪያው ምስክር መሽቶ ስለነበር አልለየሁም አለ። ሁለተኛው ያን ቀን ገበያ ውሎ ኖሯል። ሦስተኛዋ ዓይኗ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ለፖሊስ የሰጡትን ቃል አነበብኩላቸው፣ በሐሰት ምስክርነት አስፈራራኋቸው፣ ድምፄ እስኪሰልል ጮህኩ። ተከሳሹ በነፃ ተሰናበተ። ከሰዓት በኋላ በመስኮት ስመለከት የሟችና የገዳይ ዘመዶች እየተሳሰቡ አንድ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈሩ አየሁ፤ አንዷ የሌላዋን ዘንቢል ተቀብላታለች።

ለዓመታት ያንን ቀን «ሕግ የተሸነፈበት ቀን» እያልኩ አወራሁት። ጠጥቼም ሳልጠጣም። ሁለት ሕጎች ፊት ለፊት ተገናኝተው አንደኛው እንደረታ፣ የተረታው ደግሞ የእኔ እንደነበር እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የታየኝ።

ወደ ክሮው ዶግ ልመለስ፤ ታሪኩ ይቀጥላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰውየውን ሲለቅ የጎሳውን ዳኝነት አክብሮ እንዳይመስላችሁ። እነዚህን ሰዎች በማያውቁት ሕግ መዳኘት የቀዩን ሰው በቀል በነጩ ሰው ግብረ ገብ መለካት ነው ይላል ፍርዱ። በቀል! የቱ ነው በቀሉ? ሰው ተገደለ፣ ወዲያው ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ካሳ ተከፈለ። ገመድ ያዘጋጀው ማን ሆነና ነው?

ውሳኔው ብዙዎችን አስቆጣ። እ.ኤ.አ. በ1885 ኮንግረስ ሕግ አወጣና ግድያን ጨምሮ ሰባት ከባድ ወንጀሎችን በፌዴራል ፍርድ ቤት ሥር አደረገ። በዓመቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ሕግ አጸናው፤ ጎሳዎቹ ደካማና የመንግሥት ጥገኛ ናቸው የሚል ምክንያት ሰጥቶ። ማን እንዳደከማቸው የሚያውቅ ፍርድ ቤት ነው ይኼን የሚለው። ክሮው ዶግ ከገመድ ተረፈ፤ ስምንቱን ፈረስ ያስቆጠረው ሸንጎ ግን እጁ ታሰረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሕግ ጥልፍልፍ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠራች። ወንጀሉ የት ተፈጸመ? ፈጻሚው ሕንድ ነው አይደለም? ተጎጂውስ? ወንጀሉ ከየትኛው ዓይነት ነው? መልሱ በተቀየረ ቁጥር ፍርድ ቤቱ ይቀየራል፦ ጎሳ፣ ፌዴራል፣ ክፍለ ግዛት። እ.ኤ.አ. በ1978 በኦሊፋንት ጉዳይ የጎሳ ፍርድ ቤት ሕንድ ያልሆነን ሰው በወንጀል መዳኘት አይችልም ተባለ። እስቲ አስቡት። አንድ የውጭ ሰው እናንተ መንደር ኖሮ፣ ከእናንተ ልጅ ተጋብቶ፣ እዚያው ቢደበድባት የእናንተ ዳኛ አይነካውም። ኮንግረስ ለቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ በሩን ገርበብ ያደረገው በ2013 ነው፣ በ2022 ደግሞ ትንሽ ሰፋ አደረገው። መሐሉ 35 ዓመት ነው። ሴት ልጅ ተወልዳ፣ አግብታ፣ ተደብድባ፣ ራሷም ሴት ልጅ የምታሳድግበት ጊዜ።

በ2020 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በምሥራቅ ኦክላሆማ የሚገኘው የመስኮጊ ክሪክ ኔሽን ክልል አልፈረሰም አለ። አብዛኛዋን የቱልሳን ከተማ የያዘ መሬት ነው። ኮንግረስ አፈረስኩ ብሎ በግልጽ እስካልተናገረ ድረስ ቃሉ ቃል ነው ተባለ፤ ክፍላችን ውስጥ ያንን ፍርድ ሲያነቡ ድምፃቸው የሚለወጥ ልጆች አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ፣ ደግሞ በ5 ለ4፣ ሕንድ ያልሆነ ሰው ሕንድ ላይ የሚፈጽመውን ወንጀል ክፍለ ግዛቱም መክሰስ ይችላል ብሎ ከሰጠው ቆርሶ ወሰደ። በመሐል አንዲት ዳኛ ሞተው ሌላ ተተክተዋል።

ናቫሆዎች ጋ ስንደርስ ግን ነቃ አልኩ። ምድራቸው አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን ትነካለች፤ ወደ 70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዊንዶው ሮክ በምትባል ከተማ ነው። እነሱ ጋ ጥብቅና ለመቆም የእነሱን ፈተና ማለፍ ግድ ነው። የሕግ ዲግሪ የሌለው ሰውም ፈተናውን ካለፈ መቆም ይችላል፤ ድሮ እኛ ነገረ ፈጅ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ዕርቁን ራሱን የፍርድ ቤቱ አካል አደረጉት። በአስተዋይነቱ የሚታወቅ ሰው መሐል ይቀመጣል፤ ባለጉዳዮቹ ዘመድ አዝማድ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም ይናገራል፣ አልቃሹም ያለቅሳል። ናልዬህ የሚሉት ነገር አለ። ካሳ ነው። ልኩ ግን ቂም እስኪወጣ ድረስ ነው፤ በሠንጠረዥ አይገኝም።

አያቴ ትዝ አሉኝ። ድሮ ባላጋራዎች ኩታ ከኩታ ተቋጥረው ነበር ወደ ዳኛ የሚሄዱት ይሉ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያርፋሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ጥግ ለመያዝም አብረው ነው። «ታዲያ ግማሹ ዳኛው ጋ ሳይደርስ ይታረቅ ነበር፤ ማን ይችለዋል?» ብለው ይስቃሉ።

አምስት ዓመት ሕግ ስማር ይኼ ሁሉ የት ሄዶ ነው? የሕግ ታሪክ ኮርስ ውስጥ አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተነካክቶ ታለፈ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ኢትዮጵያ የራሷን ሕግ በልምድ እስክትገነባ 300 ወይም 500 ዓመት ልትጠብቅ አትችልም ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ አልተጠበቀም። ቁጥር 3347 ሕጉ በሚነካቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ፣ የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም፣ በአንድ አንቀጽ ሻረው። አያቴ የሚያውቁት ሁሉ በወረቀት ተሻረ፤ እሳቸው ግን ወሬውም አልደረሳቸውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና 78 ለቤተሰብና ለግል ጉዳይ፣ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ፣ ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት በር ከፍቷል። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች አዋጅ አውጥታለች። የወንጀሉን ነገር ሕገ መንግሥቱ ዝም ብሎታል፤ ደም ማድረቁ ደግሞ የሚደረገው እዚያ ላይ ነው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ የሚያስቀና ነገር የላቸውም። በአብዛኞቹ የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው ይኼ ኮርስ እንደ እኔ ሰዓቱ የተመቸው ሰው የሚወስደው ነው። ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2002 የሕንዶችን ሕግ የጥብቅና ፈተናዋ ውስጥ አስገባች፤ ገባ ሲባል ተማሪው ማንበብ ጀመረ። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ማን ያነባል? ይኼን ለኢትዮጵያ ተማሪ አላስረዳም። ካናዳ ውስጥ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁሉም የሕግ ትምህርት ቤቶች ስለ ነባር ሕዝቦች ግዴታ ኮርስ ይስጡ አለ፤ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በ2018 የአገሪቱን ሕግና የነባር ሕዝቦችን ሕግ ጎን ለጎን አስተምሮ በሁለቱም የሚያስመርቅ ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪዎቹ ማኅበረሰቡ ጋ ሄደው ይማራሉ። አበጋሩ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ሳይሆን ሰሌዳው ፊት ቆመው አሰብኳቸው።

ሁሉም የአሜሪካ የሕግ ተማሪ ማለት ይቻላል የሚያነበው አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ በመጀመሪያ ዓመት፣ በንብረት ሕግ ትምህርት። እ.ኤ.አ. የ1823ቱ ጆንሰን እና ማኪንቶሽ። አንደኛው ወገን መሬቱን ከሕንዶቹ ገዝቻለሁ ይላል፣ ሌላው ከመንግሥት። ፍርድ ቤቱ ለሁለተኛው ፈረደ፤ አገሩን «ያገኘው» ባለቤት ይሆናል፣ ሕንዶቹ ያላቸው የመቀመጥ መብት ብቻ ነው አለ። የተጣሉት ነጮች ናቸው። መሬቱን የሸጡት ሰዎች ችሎቱ ውስጥ አልነበሩም።

እዚህ ላይ ማዘን ቀላል ነው፤ እኔም አዘንኩ። ከዚያ የጁሊያ ማርቲኔዝ ጉዳይ መጣ። የሳንታ ክላራ ፑዌብሎ ሴት ናት። በጊዜው በነበረው የጎሳዋ ደንብ ከውጭ ያገባ ወንድ ልጆቹ አባል ይሆኑ ነበር፤ ከውጭ ያገባች ሴት ልጆቿ አይሆኑም ነበር። ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይኼ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚታይ ጉዳይ አይደለም፣ ጎሳው ራሱ ይጨርሰው ብሎ መለሳት። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የራስን ደንብ ማውጣት ካልተቻለ ምኑን ራስን ማስተዳደር ሆነ ይላል። ሌላው ደንቡን ሲያወጡ ሴቶቹ የት ነበሩ ይላል። እኔ እጄን አላወጣሁም።

ስለዚያ መዝገብ ያልነገርኳችሁ ነገር ስላለ ነው።

አዛውንቱ ቢሮዬ ከመጡ ከሁለት ቀን በኋላ የሟች ሚስት መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ኖሯል፤ እኔ ያየኋት ምሳ ልወጣ ስል ነው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ሕፃን ታቅፋለች።

«ታረቁ አሉ» አለችኝ።

«አንቺስ ተስማማሽ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? ቡና አፍይ አሉኝ፣ አፈላሁ።»

ካሳውን የተቀበሉት የሟች ወንድሞች ናቸው። በሬ ገዝተውበታል። ደስ አለኝ፤ ምስክር ያገኘሁ መስሎኝ። ሲመታ አይተሻል ስላት ቤት እንደነበረች ነገረችኝ። ያየችው ሬሳውን ሲያመጡት ነው። ለመዝገቡ አትጠቅምም። በቃ፣ ሂጂ አልኳት፤ ምሳ ሰዓት ነበር።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ለሚሠራ የድሮ ባልደረባዬ ደወልኩ። ሁለቱ ቤተሰቦች ሰላም ናቸው፤ ከአንዱ ቤት ልጅ ለሌላው ቤት ተድራ ሠርግ ሁሉ በልተዋል። ስለ ሴትየዋ ጠየቅኩት። ያን ሕፃን ለእናቷ ትታ ጅዳ ከሄደች ቆይታለች አለኝ፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው።

«ካሳው ለእሷ ቢደርሳት ኖሮ ትሄድ ነበር?» አልኩት።

«እሱንማ እሷን ጠይቃት» አለኝ።